ማንበብ አይችልም የተባልኩበት ሐሙስ

ሱኒል የሚባል ሕንዳዊ መሐንዲስ ለአለቃዬ «ይሄ ሰው ማንበብ አይችልም፤ ወረቀቴን ቆሻሻ መስሎት ጥሎታል» ብሎ ነገራት። ወረቀቱን አልጣልኩም። ማንበብም እችላለሁ። የተደረገብኝ በደል ይኸው ነው።

ሌባ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ሌባ የተባለ ሰው ኪሱን ገልብጦ ያሳያል፣ ይፈተሻል፣ ነገሩ ያልቃል። ማንበብ አይችልም የተባለ ሰው ምኑን ገልብጦ ያሳያል?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር ነው። ኦስሎ ውስጥ ሄልስፊር የሚባል ሰፈር ካሉት የቢሮ ሕንፃዎች በአንዱ አራተኛውን ፎቅ የማጸዳው እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬ አርባ ስምንት ነው። ፊደል የለየሁት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ እዚሁ ኦስሎ፣ ስደተኞች በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ የኖርዌዮቹን ተማርኩ። የራሴን አማርኛ ማንበብ የቻልኩት ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። ከዚያ በፊት አዳማ እህል ተራ ኩንታል ተሸካሚ ነበርኩ። አባቴ ትምህርት ቤት ያላስገባኝ ድሃ ስለነበረ ነው የሚሉ ዘመዶች አሉኝ። እንደኛው ድሃ የሆኑ ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን አስገብተዋል። አባቴ ያላስገባኝ ስላልፈለገ ነው።

ሱኒል ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። በዚያ ፎቅ ካሉት ሰዎች ሁሉ ስሜን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነበር። ሌሎቹ «ሃይ» ብለው መወልወያዬን ተሻግረው ያልፋሉ። እሱ ከሰዓት በኋላ ሻይ ሊያፈላ ወደ ወጥ ቤቱ ሲመጣ እኔ እዚያ እወለውላለሁ፤ ቆመን እናወራለን። ኖርዌይኛው ከእኔ ይብሳል። ለዚህ ይሆናል ከእኔ ጋር ማውራት የወደደው።

የሚያወራው ስለ አገሩ ነው። የእህቱ ሠርግ ቤታቸውን እንዴት እንዳራቆተው፣ የወንድሙ ልጅ ለአንድ የመንግሥት ሥራ ፈተና አራት ዓመት ሙሉ እንደተቀመጠና ፈተናው ተሰርቆ እንደተሰረዘ፣ እናቱ ቤት የምትሠራው ሴት ከዝቅተኛ ዘር ናት ተብላ ሻይ የምትጠጣበት ብርጭቆ ለብቻው እንደሚቀመጥ። ይኸን የመጨረሻውን ሲነግረኝ ሳቅ ብሎ ነበር። እኔ አልሳቅሁም።

አብዝቶ የሚያወራው ግን ስለ ምርጫ ነው። በምርጫቸው ይኮራል።

«ጫካ ውስጥ ብቻውን ለሚኖር አንድ ሰው እንኳ ሳጥኑን ተሸክመው በእግር ይሄዳሉ። ለአንድ ድምፅ! በዓለም ላይ የት አለ?» አለኝ አንድ ቀን።

የዚህ አገር ክረምት ሲገባ ግን ኩራቱ ቀዘቀዘ። መንግሥታቸው የመራጮችን መዝገብ እንደገና ማጣራት ጀመረ። ስሙ በድሮው መዝገብ ላይ ያልተገኘ ሰው እዚያው አገር ለመኖሩ ወረቀት ማምጣት አለበት። የሱኒል እናት ስም አልተገኘም። ሰባ ዓመት ሊሆናት ነው። ከተወለደችበት አውራጃ ውጭ አድራ አታውቅም ይላል።

«ጫካ ድረስ ሄደው አንድ ሰው የሚፈልጉት ሰዎች ከተማ መሀል እናትህን አጧት?» አልኩት።

«ችግሩ እሷ ናት» አለኝ። «ማንበብ አትችልም። ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት ያጠፋል። ደግነቱ አንዱን ወረቀት እኔ አምና ከእጇ ወስጄ እዚህ አምጥቼዋለሁ። መንግሥት ለአባቷ መሬት ሲሰጥ የተጻፈ ነው፤ የሷም ስም አለበት። እሷ ዘንድ ቢሆን ይሄኔ የለም።»

የዚያን ቀን ነው የተሳሳትኩት። እናቱን ላግዛት ብዬ መሰለኝ፣ «እኔም እስከ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ማንበብ አልችልም ነበር» አልኩት። በዚህ አገር ለሥራ ሰው ተናግሬው የማላውቀው ነገር ነው። ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «ጎበዝ!» አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ደስ ያለኝ ነገር ያናድደኛል።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ የጽዳት ድርጅታችን አለቃ ማሪት ጠራችኝ። ማሪት ክፉ ሴት አይደለችም። ነገር ሲከብዳት ወረቀት ትደረድራለች። ስገባ እየደረደረች ነበር።

«ታደሰ፣ ረቡዕ አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ፖስታ አንስተሃል?»

«አላነሳሁም። ወረቀት ያለበት ጠረጴዛ አልነካም። ባዶውን ቦታ ብቻ ነው የምወለውለው።»

«ቡኒ ፖስታ ነው። ውስጡ በሕንድኛ የተጻፈ አሮጌ ወረቀት አለ።»

«የሱኒል ነው?»

ቀና አለች። «አዎ። የሱኒል ነው። ነገ ከሰዓት ጓደኛው ወደ ሕንድ ይበራል፤ እሱ ይዞለት ሊሄድ ነበር። ዋናው ወረቀት ካልደረሰ እናቱ...»

«የእናቱን ነገር አውቃለሁ። ጣለው ያለኝ ማነው?»

ወረቀቷን ደረደረች። «እሱ ሊከስህ አይደለም። ምናልባት ያልተረዳህ መስሎት ነው። ማንበብ እንደማትችል ነግረኸዋል አለኝ። ታደሰ፣ ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።»

እኔ የነገርኩት መቻሌን ነው። እሱ የሰማው አለመቻሌን ነው።

«የረቡዕ ቆሻሻ ገና አልሄደም» አልኳት። «መኪናው ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው። ሱኒልን ጥሪውና እንውረድ።»

ምድር ቤት ስንወርድ ለተብርሃን ጋሪዋን ስታጥብ አገኘናት። ለተብርሃን ኤርትራዊት ናት፤ ሦስተኛ ፎቅ የሷ ነው፤ ጡረታዋ ሊደርስ ወራት ቀርቷታል። ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የምታወራው፣ ማንንም ሳትፈራ።

«ምነው አንተ፣ ፊትህ መንገድ ዳር እንደከረመ በረዶ ጠቆረሳ?»

«ወረቀት ጣልክ ተባልኩ፣ እትዬ ለተ።»

ሱኒልን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ይሄ ነው? ሻይ ስትጠጡ አይቼ አትመነው ብዬ ነግሬሃለሁ። አንተው እንደነገርከኝ የገዛ እናቱን እያነሳ የሚጥል ሰው አንተን በምን ዕዳው ይሸፍንሃል? በል አሁን ጓንት አድርግ፤ እሱም ያድርግ። በባዶ እጁ እንዳትተወው፣ ነገ ደግሞ ታደሰ አሳመመኝ ይላል።»

ሱኒል በደረቁ ፈገግ አለላት። የተናገረችው አልገባውም።

ቆሻሻ በሚጠራቀምበት የሽቦ አጥር ውስጥ ከሠላሳ የማያንሱ የላስቲክ ከረጢቶች ተከምረዋል። በደንቡ እያንዳንዱ ላይ ፎቁና ቀኑ የተጻፈበት ተለጣፊ አለ። ግን ምድር ቤቱ እርጥብ ነው፤ ተለጣፊው ይወልቃል፤ ግማሹ መሬት ላይ ነው የሚገኘው። ማሪት ክምሩን አይታ ተነፈሰች።

«ሁሉንም መክፈት ሊኖርብን ነው?»

«አይኖርብንም» አልኩና ገብቼ ሦስት ከረጢት ጎትቼ አወጣሁ። «የረቡዕ፣ የአራተኛ ፎቅ። እነዚህ ናቸው።»

«በምን አወቅክ?»

«በቋጠሮው። ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሁለት፣ ረቡዕ ሦስት። ጫፉን ወደ ውስጥ የምወሽቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

እህል ተራ የተማርኩት ነው። የማን ኩንታል የማን እንደሆነ የምንለየው በአፉ አስተሳሰር ነበር። እጄ ለምዶታልና እስከ ዛሬ እንደዚያ አስራለሁ። ተለጣፊው ሲወልቅ ደግሞ ይኸው ይጠቅማል። በራሴ ኮርቼ ማሪትን አየኋት። እሷ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ በሐዘን ታየኛለች። ምን እንዳሰበች ወዲያው ገባኝ። ተለጣፊ ማንበብ የሚችል ሰው ለምን ቋጠሮ ይቆጥራል? ኪሷ ውስጥ ካለችው ደብተር ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ንጹሕ መሆኔን ያሳየሁበት ነገር መሃይምነቴን ያስመሰከረብኝ ሆነ።

ከረጢቶቹን ሸራ ላይ ዘረገፍናቸው። አንድ በአንድ አየን። የቡና ኩባያ፣ የስብሰባ ወረቀት፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ሱኒል ራሱ አበላሽቶ የጣላቸው ቅጂዎች። ማሪት ስልክ ተደውሎላት ሄደች። እኔና ሱኒል ተንበርክከን ቀጠልን። ቡኒ ፖስታ የለም። መጨረሻ ላይ ሸራው ባዶ ሆነ።

«የለም» አልኩት።

«የለም» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። «ምናልባት ሌላ ከረጢት ውስጥ...»

«እኔ ያሰርኩት ይሄን ብቻ ነው።»

ይቅርታ አላለም። ሊነሳ ሲል አንድ የተጨማደደ ወረቀት ረገጠ። የዚያ ሳምንት የካፍቴሪያ የምግብ ዝርዝር ነው፤ እኔ አንብቤዋለሁ፤ የዓሣ ሾርባ ይላል። ሱኒል ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ በጣቱ ነካው፣ ጣቱን ወደ ግንባሩ ወሰደ፣ መልሶ ቆሻሻው ላይ አስቀመጠው።

«ምንድነው ያደረግከው?»

«ምኑን?» ራሱም አላስተዋለም። ከዚያ አፈረ። «ልማድ ነው። ወረቀት በእግር አይነካም። እውቀት አምላክ ናት፣ እኛ ዘንድ። እኔስ እሻላለሁ፤ ሚስቴ ወረቀት ያለበት ቦርሳ በር ላይ ከጫማ ጋር ካየች ትጮሃለች።»

እዚያው ተንበርክኬ እንዳለሁ ወረቀቱ የት እንዳለ አወቅሁ።

«ቤትህ ጠይቀሃል?» አልኩት፣ እንደ ዘበት።

«ምን ብዬ? ጠረጴዛዬ ላይ ነው የተውኩት። አስታውሳለሁ። ደግሞ ሚስቴ ከሰማች ለእናቴ ትደውላለች። እናቴ እንድትሰማ አልፈልግም።»

ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ማሪት ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ትዝ አለችኝ። ጓንቴን አወለቅሁና «እንግዲህ ታገኘው ይሆናል» ብዬው ወጣሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ይኸን ደብቄ ማለፍ እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም። ግን በደል ተደረገብኝ ብሎ የሚጽፍ ሰው የራሱን ግማሽ ከተወ ጽሑፉ ክስ ብቻ ይሆናል። እኔ ያን ሐሙስ አንዲት አሮጊት አገሯ ላይ አለሽ ወይስ የለሽም የምትባልበትን ወረቀት የት እንዳለ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ይቃጠል አልኩ።

ፕሪንስዳል ሰፈር ካለው ቤቴ ገብቼ እራቴን በላሁ። ከአልጋዬ ሥር አንድ ሻንጣ አለ። ማንበብ ከመቻሌ በፊት የደረሰኝ ወረቀት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ከመንግሥት የመጣ ደብዳቤ፣ የመብራት ሒሳብ፣ የፒሳ ማስታወቂያ፣ የሌላ ሰው ስም ያለበት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ። የትኛው እንደሚያስባርረኝና የትኛው እንደሚያበላኝ ስለማላውቅ አንዱንም አልጣልኩም። የፒሳውን ማስታወቂያ በላስቲክ ጠቅልዬ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ቀለሙ ሲያምር ትልቅ ነገር መስሎኝ።

ሻንጣውን ስቤ አየሁት። ሱኒልም ማሪትም የማያውቁት ነገር ይኼ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት አይጥልም። ወረቀት የሚጥለው ማንበብ የሚችል ሰው ነው፤ አይቶ አይጠቅምም ብሎ ይጥላል። ያቺ ሴት የአባቷን ወረቀት ዕድሜዋን ሙሉ አስቀምጣለች። ጠፋ የተባለው የተማረው ልጇ «ታጠፊዋለሽ» ብሎ ከወሰደው በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ሌሎች የተማሩ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ወረቀትሽን አምጪ ይሏታል።

ለሱኒል ግን አልደወልኩም። ስልኩ ነበረኝ። ይኼም ይጻፍ።

ዓርብ ጠዋት ከሌላው ቀን ቀደም ብዬ ገባሁ። ምድር ቤቱ መብራት በርቷል። ሱኒል በኮቱ፣ ያለ ጓንት፣ ሽቦው ውስጥ ገብቶ የሌላውን ፎቅ ከረጢት ይፈታል። ፈትቶ ያየውን መልሶ ማሰር አቅቶት ወረቀቱ ዙሪያውን ተበትኗል። መኪናው ውጭ ሲያፈገፍግ ጲጲ ይላል። ሱኒል ድምፁን ሲሰማ ፈጠነ። ፂሙን አልተላጨም። አንድ ወረቀት ከእጁ አምልጦ እግሩ ሥር ወደቀ፤ አነሳው፤ በዚያ ጥድፊያ መሀል ግንባሩን ነካ።

ቆሜ አየሁት። አላዘንኩለትም፤ ለሰው የማያዝን እየሆንኩ መምጣቴን ነው ያየሁት። መኪናው ቆመ።

«ሱኒል፣ ሚስትህ ቦርሳህን ከጫማ አጠገብ ብታገኘው ውስጡ ያለውን ወረቀት የት ነው የምታደርገው?»

«ምን?»

«ደውልላት።»

«ነገርኩህ እኮ፣ ጠረጴዛዬ...»

«ደውልላት አልኩህ!»

ደወለ። በቋንቋቸው ተናገረ። ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ መጀመሪያ ጠየቀ፣ ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ፣ ከዚያ ሳቀ። ሱኒል ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አምላክ ፊት ነው» አለኝ። «ሳሎናችን ውስጥ ትንሽ መደርደሪያ አለች፣ ምስሉ ያለባት። ረቡዕ ቦርሳዬን በር ላይ ጥዬው ስገባ አውጥታ እዚያ አስቀመጠችው። ነግሬህ ነበር አለች። ስልክ እያወራሁ ነበር።» ከዚያ ቀና አለ። «አንተ እንዴት አወቅክ?»

«ትናንት ነው ያወቅሁት። ግንባርህን ስትነካ።»

«ትናንት? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማንበብ አልችልማ!»

ፊቱ ተለዋወጠ። ከቆሻሻ መኪናው የወረደው ሰውዬ ወረቀቱ ተበትኖ ሲያይ በኖርዌይኛ ተሳደበ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ሰበሰብን። ሱኒል ሮጦ ወጣ። ፖስታው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ከጓደኛው ጋር በረረ።

እናቲቱ ወረቀቱን ይዛ ሹሙ ፊት ቀረበች፣ ስሟም ገባ። ይኸን የነገረኝ ራሱ ነው። ወረቀቱን ግን ለልጇ አልመልስም ብላለች። «ኖርዌይ አገር ይጠፋል» አለችው አሉ።

ለእኔስ? ሰኞ አዲስ የሥራ ድልድል መጣልኝ። የሕንፃው የመኪና ማቆሚያ ጋራዥና ደረጃ። ማሪትን ለምን ብዬ ጠየቅኋት። ወረቀቱ መገኘቱን ሰምታለች፣ ደስ ብሏታል፣ «ግን ለአንተም ይቀልሃል ብዬ ነው» አለችኝ። ስለ እኔ የተጻፈውን አሳዪኝ አልኳት። የማየት መብት አለኝ። ኮምፒውተሩን አዞረችልኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት፦

«ማንበብና መጻፍ ይቸግረዋል። ከረጢት የሚለየው በቋጠሮ ነው። ሰነድ ባለበት ፎቅ ላይ አይመደብ።»

ጆሮዋ ቀላ። «አነበብከው» አለችኝ።

«አዎ፣ አነበብኩት። አሁን አጥፊው።»

«የደንበኛ ቅሬታ ነው፣ ታደሰ። ደንበኛው ራሱ በጽሑፍ ካላነሳው እኔ መሰረዝ አልችልም።»

ሱኒል ጋራዥ ድረስ ወርዶ የጣፋጭ ካርቶን አመጣልኝ፣ በብርማ ወረቀት የተሸፈነ። «እናቴ ላከችልህ» አለ። ይዋሽ አይዋሽ አላውቅም።

«ጣፋጭ አልፈልግም። ጻፍ።»

«ታደሰ፣ ከጻፍኩ አለቃዬ ያየዋል። ቤቴ የረሳሁትን ወረቀት ጽዳት ሠራተኛ ላይ አሳበበ ይሉኛል።»

«ነውም እኮ።»

ካርቶኑን ይዞ ተመለሰ። አምስት ሳምንት ጋራዥ ጠረግሁ። እሱ መኪና ስለሌለው እዚያ አይመጣም። ለተብርሃን «ጣፋጩን ተቀብለህ ለኔ አትሰጠኝም ነበር? ኩራትህ እኔን ምን አደረገኝ?» እያለች ትስቅብኛለች። አንድ ቀን ግን ሳትስቅ «እሱ ካልጻፈ አንተ ለምን አትጽፍም?» አለችኝ።

ጻፍኩ። ለሱኒል፣ በእጄ፣ በኖርዌይኛ፣ አንድ ገጽ። አራት ጊዜ ቀደድኩት። ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል ጻፍኩ፤ ሐሙስ ዕለት አውቄ ዝም ማለቴንም ጻፍኩ። ከታች «ይኸን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንተም ታውቃለህ» አልኩ። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ሰው ሁሉ እያየኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ሱኒል ለማሪት ጻፈላት፤ ግልባጩ ለአለቃው ነበር። አጭር ናት። «ታደሰ ማንበብ እንደሚችል ነግሮኝ ነበር። ወረቀቱን ቤቴ የረሳሁት እኔ ነኝ» ትላለች።

ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስታነቡ ለኖራችሁ ይኼ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። አልቆጣም። እኔን ግን ለውጦኛል፣ ወደ መልካም ብቻም አይደለም። ከሥራ ሰው ጋር ሻይ አልጠጣም። የሕንድ ወሬ በስልክ ሲያልፍ ቆሜ አያለሁ፤ መዝገብ ሲጣራ ስማቸው የተሰረዘ ሰዎች ተሰልፈው ሲቆሙ አሮጊቶቹ የላስቲክ ከረጢታቸውን እንዴት ደረታቸው ላይ እንደሚይዙ አያለሁ። የሚያስጨንቀኝ የመንግሥታቸው ፖለቲካ አይደለም፤ እሱን እነሱ ይጨነቁበት። የማየው ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠውን ሰው ነው። ያ ሰው ወረቀት የሌለው ሁሉ ጣለው ብሎ ያስባል። ምናልባት ወስደውበት ነው። እናንተም አንድ ቀን ከጠረጴዛው ወዲያ ትቀመጡ ይሆናል፤ የዚህን አገር ትምህርት ጨርሳችሁ ሆስፒታልና ማዘጋጃ ቤት የገባችሁ ልጆቻችን በተለይ። ወረቀቱን ከመጠየቃችሁ በፊት መጨረሻ ላይ ማን ዘንድ እንደነበረ ጠይቁ።

አራተኛ ፎቅ ተመልሻለሁ። ሱኒል «ሃይ» ይለኛል፤ እኔም «ሃይ» እለዋለሁ። ማሪት ማስታወሻውን ሰርዛ የተሰረዘበትን ወረቀት ሰጠችኝ፤ እፊቷ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አንብቤ ፈረምኩ። ረቡዕ፣ መጋቢት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.